የዕቁብ አፕ ዲዛይን፦ ድሪብልና ፒንተረስት ላይ የሌለውን መነሳሻ ከየት እናምጣ?

ሰሌዳ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። የዕቁብ አፕ ዲዛይን ልጀምር ነው። 20 አባል፣ በየእሑዱ ዕጣ፣ ክፍያው በሞባይል ገንዘብ ወይም ለጸሐፊው በእጅ። ቋንቋው በቅድሚያ አማርኛ ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚ የሚይዘው ርካሽ አንድሮይድ ሲሆን የስክሪኑ ስፋት 360 ዲፒ (የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ነገር መጠን የሚለካበት አሃድ) ነው።

የዲዛይን ምስል የሚለጠፍባቸው ድረ ገጾች (ድሪብል፣ ቢሃንስና ፒንተረስት) ላይ ስለ ቁጠባና ዋሌት ሲፈለግ የሚመጣው ሁሉ አንድ መልክ ነው፦ ከላይ የደመቀ ካርድ፣ በትልቁ የተጻፈ ቀሪ ሂሳብ፣ ከሥሩ የሚወጣ የሚወርድ ግራፍ። ዕቁብ ውስጥ ግን ቀሪ ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ያለው ተራ፣ ዕጣ፣ ዋስና ዳኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ለአሠራሩ መነሳሻ ከየት ይወሰዳል? ለመልኩስ? "ተፈጥሮን ተመልከቺ" ዓይነት ምክር ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ነገር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

እህታችሁ።

---

መዝገብ

እህቴ ሰሌዳ፣ መጀመሪያ የምትፈልጊው ነገር የዕቁቡ ጸሐፊ እጅ ላይ ያለው ደብተር ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሰፈር ሱቅ የዱቤ መዝገብ። ሁለቱም ለዓመታት በሺህ እጅ የተፈተኑ ዲዛይኖች ናቸው፤ ማንም ግን ስክሪንሾት አንስቶ አይለጥፋቸውም።

አሠራሩ ይህ ነው። ጸሐፊውን አስፈቅጂ፣ ስምና ስልክ ያለበትን በወረቀት ሸፍነሽ ከሦስት ከአራት የተለያዩ ዕቁቦች ደብተር አንድ አንድ ገጽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ እነዚህን ጠይቂው፦ በመጀመሪያው ዓምድ ያለው ስም ነው ወይስ ተራ ቁጥር? የከፈለ ሰው በምን ምልክት ይታወቃል፣ በራይት፣ በፊርማ ወይስ በብሩ መጠን? ዕጣ የወጣለት ሰው ረድፍ ከሌላው በምን ይለያል? በኅዳግ (በገጹ ጠርዝ ባዶ ቦታ) ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ኅዳጉን አትለፊው። መስመር ያልተሰመረለት ነገር ሁሉ እዚያ ነው የሚጻፈው ("ግማሽ ሰጥቷል"፣ "እሑድ ይከፍላል"፣ "በወንድሙ በኩል")። አፑ ላይ የግማሽ ክፍያ ቦታ ካልተዘጋጀ ጸሐፊው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ደብተሩ ይመለሳል።

ከዱቤ መዝገብ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ስረዛ ነው። ባለሱቁ ዕዳ ሲከፈለው መስመሩን በአንድ ሰረዝ ያሰናብተዋል እንጂ ገጹን አይቀድም። ጽሑፉ ከሰረዙ ሥር ይነበባል፤ ክርክር ሲነሳ ማስረጃው እሱ ነው። ስለዚህ "አጥፋ" የሚል በተን አይኑርሽ። የተሳሳተ ክፍያ ይሰረዝ፣ ከጎኑ ማን እንደሰረዘውና መቼ እንደሰረዘው ይጻፍ፣ ረድፉ ቦታው ላይ ይቆይ።

ደብተሩን ወደ ስክሪን ስታመጪ የሚበላሸው መጠኑ ነው። 20 ስም በ20 ሳምንት በ360 ዲፒ ላይ አይገባም። ለስም 120 ዲፒ ብትሰጪ 240 ይቀርሻል፤ ጣት በትክክል የሚነካው ሳጥን 48 ዲፒ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚታየው 5 ሳምንት ብቻ ነው። ሁሉንም ልጨምቀው ብትይ ሳጥኑ 12 ዲፒ ይሆንና ጸሐፊው የጎረቤቱን ረድፍ ይነካል። የስሙን ዓምድ ቆልፊው፣ ሳምንቶቹ ወደ ጎን ይንሸራተቱ፣ ስክሪኑ ሲከፈት የያዝነው ሳምንት ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይታይ።

---

ባለ8ፒክስል

የመዝገብን ሐሳብ እጋራለሁ፤ ግን የስክሪን ስብስቦችን ጨርሶ መጣል አያስፈልግም። ችግሩ አፈላለጉ ላይ ነው። ድሪብል ላይ ያለው አብዛኛው ለዕይታ የተሠራ ነጠላ ስክሪን ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ስሙ ሦስት ቃል ሲሆን፣ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመስል አያሳይም። ሞቢን ላይ ያለው ግን ከእውነተኛ አፖች የተነሳ ተከታታይ ስክሪን ስለሆነ ለአሠራር የሚጠቅመው እሱ ነው።

ፍለጋሽን በመልክ አትጀምሪው፤ በሥራው ጀምሪ፦ "ገንዘብ መላክ ማረጋገጫ"፣ "አባል መጋበዝ"፣ "ክፍያ አልተሳካም"። ለአንድ ሥራ ከ5 እስከ 7 አፕ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፊ፦ ስንት ንክኪ ይፈጃል፣ ምን ምን ያስጽፋል፣ ስህተት ሲፈጠር ምን ይላል፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ የተጻፈው ይቀራል ወይስ ይጠፋል። ከዚያ ምስሉን ዝጊና ያስታወስሽውን በእርሳስ፣ ያለ ቀለም፣ ወረቀት ላይ ሣይው። እርሳሱ ላይ የሚቀረው አደረጃጀቱ ነው፤ ቀለሙና ጥላው ይረግፋል። ምስሉን አጠገብ ከፍቶ የሚሣል ሰው ሳያውቀው ይገለብጠዋል።

ፊግማ (የዲዛይን መሥሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ ስብስብሽን "ቆንጆ ነገሮች" በሚል ገጽ አታከማቺ። እያንዳንዱ ምስል ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ የትኛውን ችግር ፈታ? ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተሽ ምስሉን አውጪው።

---

ሰሌዳ

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፤ የኅዳጉን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ስለ መልኩስ? የሀገር ልብስ ጥለት፣ የላሊበላ መስቀል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ እንዲገባ የሚገፋፉኝ አሉ።

---

ጥለት

ጥበብ ለስክሪን የሚመች ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ውበቱ ብቻ አይደለም። ጥበብ በሸማኔ ዕቃ ላይ በድርና በማግ ስለሚሠራ ዘንበል ያለው መስመር ሁሉ በእውነቱ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። ፒክስልም እንዲሁ ነው የሚሠራው። የሚበላሸው ዲዛይነሩ ያንን ደረጃ ለስላሳ ሰያፍ መስመር አድርጎ ሲሥለው ነው፤ ያኔ ጥለቱ ጥለት መሆኑን ትቶ ተራ የጠርዝ ጌጥ ይሆናል።

አሠራሩ፦ ሽሮ ሜዳ ሂጂና ጥለቱን ቀጥ ብለሽ ከላይ፣ በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠሽ አንሺ። የሚደጋገመውን ትንሹን ክፍል ፈልጊ። ክሩን ቆጥረሽ ወደ 8 በ8 ወይም 16 በ16 ሳጥን አውርጂው፤ ቀለሙ ከሦስት አይብለጥ። ለስልክ 8 ሳጥን ቁመት ያለውን ውሰጂና አንዱን ሳጥን 2 ዲፒ አድርጊው፤ ጠርዙ 16 ዲፒ ይሆናል። ጥግግቱ (ለአንድ ዲፒ የሚደርሰው የፒክስል ብዛት) 1.5 በሆነ ስልክ ላይ አንድ ሳጥን 3 ፒክስል፣ 2 በሆነው 4፣ 3 በሆነው 6 ይሆናል። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ጠርዙ አይደበዝዝም። ያንኑ ጠርዝ 16 ሳጥን አድርገሽ 8 ዲፒ ላይ ብትጨምቂው 1.5 ስልክ ላይ ለ16 ሳጥን የሚደርሰው 12 ፒክስል ብቻ ነው፤ ጥለቱ ግራጫ ጭቃ ይሆናል።

ከጽሑፍ ሥር እንደ መደብ አታንጥፊው። ፊደላችንም ጥቅጥቅ ያለ ቅርጽ ስላለው ሁለቱ ይጣላሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይግባ፤ ለምሳሌ ዕጣ የወጣለት ሰው ስም የሚታይበት ስክሪን ላይ። ክፍያ መቀበያው ላይም፣ ማስተካከያው ላይም፣ መግቢያው ላይም ከገባ የበዓል ልብስነቱ ያበቃል።

---

ገበያ_መሐል

መስቀሉን ተይው። ዕቁብ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚጥለው ነው፤ መርካቶ ውስጥ አንድ ዕቁብ ላይ ሁሉም አለ። የእምነት ምልክት ገንዘብ ያለበት ስክሪን ላይ ጌጥ ሲሆን አንዱን ያገላል፣ ምልክቱንም ያቀልላል።

ሦስቱ ቀለሞች ደግሞ ለመነበብ አይመቹም። ሙሉ ቢጫ በነጭ ላይ ያለው ንፅፅር 1.07 ለ1 ነው፣ ማለትም የለም ማለት ይቻላል። ሙሉ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ1 ገደማ ነው፤ ለተራ ጽሑፍ የሚፈለገው 4.5 ለ1 ስለሆነ በጥቂቱ ያንሳል። አረንጓዴ "ከፍሏል"፣ ቀይ "አልከፈለም" ብለሽ በቀለም ብቻ ብትለዪ ሁለቱን ቀለሞች የማይለዩ ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ርካሽ ስክሪንም አይለያቸውም። ራይትና ባዶ ክብ ይኑር፣ ቀለሙ ከኋላ ይከተል።

---

ብራና

ከመስቀሉ ይልቅ የብራና መጽሐፍን አደረጃጀት እዩ። ብዙ ሰው ከብራና የሚወስደው ሐረጉን (የተጠላለፈውን ጌጥ) ነው፤ ሐረግ ግን የመጽሐፉን መጀመሪያና የክፍሉን መግቢያ ለማሳየት የሚሳል ነው፣ በየገጹ አይደገምም። ያንን ቁጥብነቱን ውሰዱ።

የቀለሙ አጠቃቀም ደግሞ በጣም ጥብቅ ነው። ጽሑፉ በጥቁር፤ ቅዱሳን ስሞች፣ የምዕራፍ መክፈቻ መስመሮችና ሥርዓተ ነጥብ ላይ የሚጨመሩ ነጠብጣቦች በቀይ። ሁለት ቀለም ብቻ፣ ግን አንባቢው ከሩቅ ሆኖ የቱ ጋ እንደሚጀምር ያውቃል። ለአፑ ይህን ብትተረጉሚው፦ ጥቁር ለሁሉም፣ አንድ ጥልቅ ቀይ ደግሞ ለዚህ ሳምንት ብቻ። በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን) 178፣ 34፣ 34 የሆነው ቀይ በነጭ ላይ 6.7 ለ1 ይሰጣል፤ ለትንሽ ጽሑፍም ይበቃል። ስህተትንም፣ ማስጠንቀቂያንም፣ በተንንም በዚያው ቀይ ካደረግሽው ትርጉሙ ይፈርሳል።

ከዚያ በፊት መስመሩን እይ። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይበሳል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በስለት ያለ ቀለም ያሰምራል። ዓምዶቹ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ የታችኛው ኅዳግ ከላይኛው ሰፊ ነው። ግሪድ ማለት ይሄው ነው፤ በብራናው ላይ ብርሃን ሲያርፍ አሁንም ይታያል።

ለኢንተራክሽን (ተጠቃሚው ከስክሪኑ ጋር ለሚሠራበት መንገድ) ደግሞ በጣም የሚያስተምረው በወንጌል መጽሐፍ መጀመሪያ ያለው የአውሳብዮስ ሰንጠረዥ ነው። በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል እንደተጻፉ የተገመቱት፣ አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎችም ይህ ሰንጠረዥ አላቸው። አሠራሩ፦ ወንጌሎቹ በቁጥር ይከፈላሉ (ማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል አለው)። ሰንጠረዦቹ አሥር ናቸው፦ 1ኛው አራቱ ወንጌላውያን የተናገሩትን፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሦስቱ፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ሁለቱ፣ 10ኛው አንዱ ብቻ የተናገረውን ይዘረዝራል። በጽሑፉ ኅዳግ ላይ የክፍሉ ቁጥርና የሰንጠረዡ ቁጥር አሉ። አንባቢው ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች አይቶ ያው ታሪክ በሌላው ወንጌል የት እንዳለ ያገኛል፤ ዋናው ጽሑፍ ግን አልተነካም።

ለዕቁብሽ ይህ ማለት እያንዳንዱ ክፍያ ረድፍ ላይ ረጅም ማብራሪያ ሳይሆን ሁለት ትንንሽ ቁጥር ማኖር ነው፤ የሳምንቱና የደረሰኙ። ስትነኪው ደረሰኙ ከታች ይወጣል፣ ዝርዝሩ ከኋላ እንዳለ ይቆያል። ወደ ሌላ ስክሪን መዝለል የለም።

የት ይታያል? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። በኦንላይን ደግሞ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሱትን ጨምሮ ብዙ ብራና በነፃ ምዝገባ ያሳያል።

---

ሰሌዳ

ብራና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን በግዕዝ አኃዝ ብጽፋቸውስ?

---

ፊደል_ቀራጭ

የብር መጠን ላይ አይሆንም። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፣ አቆጣጠሩም በቦታ አይደለም፤ 1,050 ብርን ከ1,500 ጋር በዓምድ አሰልፎ ማወዳደር አይቻልም። የሳምንቱ ተራ ቁጥር ላይ (፩፣ ፪፣ ፫) ያምራል፣ ግን ከ፲ በላይ የሚያነበው ሰው ስለሚያንስ ከጎኑ 11፣ 12 የሚል ይኑር።

ስለ ፊደል ሌሎች ነገሮች። የላቲን ናሙና ላይ 12 ፒክስል የሚነበብ ጽሑፍ አማርኛ ሲሆን አይነበብም፤ ሱ እና ሲ የሚለዩት በቀኙ እግር ላይ ባለችው ትንሽ ጭረት ከፍታ ብቻ ነው። ከ16 በታች አትውረጂ፣ የመስመር ርቀቱ ከ1.5 እስከ 1.7 ይሁን። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን በካፒታል የሚለየው ርዕስ ሁሉ በክብደት ወይም በመጠን መለየት አለበት፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ ክብደት ስላለው ይመቻል። ሰያፍ ጽሑፍ አትጠቀሚ፦ ፎንቱ ሰያፍ ከሌለው አሳሹ በግድ ያጋድመዋል፣ እግሮቹ ይሰበራሉ።

አራት ነጥብ የሚጻፈው በራሱ ምልክት (።) ነው። ሁለት ሁለት ነጥብ (፡፡) ደርድረው የሚጽፉ አሉ፤ አንቺ ግን እንዲያ አትጻፊው።

የበተን ጽሑፍም ላይ አስቢበት። "ክፈል" ብትይ ለወንድ ነው፣ "ክፈዪ" ለሴት። "ይክፈሉ" ወይም "ክፍያ" ሁሉንም ይይዛል። ፊግማ ላይ የሙከራ ስም ስትጽፊ "አበበ" ብቻ አታድርጊ፤ "ወይዘሮ ወለተኪሮስ ገብረመድኅን" ብለሽ ሞክሪው። 120 ዲፒ ላይ ሁለት መስመር ይይዛል፣ የረድፉም ቁመት በዚያ ነው የሚወሰነው።

---

ቀን_ቆጣሪ

የቀን መምረጫውን ከውጭ ናሙና እንዳትወስጂው አደራ። መነሳሻው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው፦ የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በጥግ በትንሹ። በስልክ ላይ 16 እና 11 ኤስፒ (የጽሑፍ መጠን መለኪያ) ይበቃል። ሰባት ሳጥን በ48 ዲፒ 336 ነው፤ ከ360 ላይ ግራና ቀኝ 12፣ 12 ዲፒ ይተርፋል። ልክ ነው።

የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ነገሩ ከግሪጎርያን ይቀላል። ሳምንቱን ከሰኞ ብትጀምሪ ስድስት ረድፍ የሚፈልገው እሑድ የሚጀምር ወር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በአምስት ይገባል። ስድስተኛው ረድፍ ሲመጣ ከሥሩ ያለው በተን እንዳይዘልል የስድስቱን ቁመት ሁልጊዜ ያዢለት። ከጳጉሜ ቀጥሎ ከሚመጣው መስከረም በቀር እያንዳንዱ ወር ካለፈው በሁለት ቀን ወደፊት ይጀምራል፦ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ። ስሌትሽን በዚህ ፈትኚው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ 6 ናት (2015 ነበረች፣ 2019 ትሆናለች)። ወርኃዊ ዕቁብ ከሆነ ጳጉሜ ላይ ይከፈላል አይከፈልም የሚለውን ዳኛው ይምረጥ፤ አፑ በራሱ አይወስን።

---

መዝገብ

ስለ ዕጣው ማንም አላነሳም፤ ዋናው ኢንተራክሽን ግን እሱ ነው። ወረቀቱ በሁሉም ፊት ይታጠፋል፣ ይናወጣል፣ ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የማይመለከተው ሰው ያወጣል፣ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አፖች ላይ የሚሽከረከር መንኮራኩር ያደርጋሉ፤ መንኮራኩሩ ግን ከመሽከርከሩ በፊት መልሱ ሰርቨር ላይ ተወስኗል፣ ሰውም ይህን ይጠረጥራል። ከልማዱ መወሰድ ያለበት እንቅስቃሴው ሳይሆን ሁሉም ማየቱ ነው።

---

ባለ8ፒክስል

ትክክል። ይህን በቀላሉ መሥራት ይቻላል። ዕጣ ያልወጣላቸው 13 ሰዎች ቀሩ እንበል። መጀመሪያ የ13ቱ ስም ከ1 እስከ 13 ተቆጥሮ ለሁሉም ይታይ። እያንዳንዱ አባል፣ የወጣለትም ጭምር፣ ከ1 እስከ 1000 አንድ ቁጥር ይላክ። ሰዓቱ ሲያልቅ ቁጥሮቹ ሁሉ ይደመሩ፣ ድምሩ ለ13 ይካፈል፣ ቀሪው ላይ 1 ሲጨመር የባለ ዕጣው ተራ ይሆናል። ድምሩ 7,412 ቢሆን ለ13 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ባለ ዕጣው 3ኛው ነው። ማንም በስልኩ ካልኩሌተር ያረጋግጠዋል።

አንድ ወጥመድ አለው፦ ቁጥሮቹ ሰዓቱ ሳያልቅ ከታዩ መጨረሻ የሚልከው ሰው ውጤቱን እንደፈለገ ያደርጋል። እስኪዘጋ ድረስ "ልኳል" ብቻ ይታይ፣ ሲዘጋ የሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለጥ። ከመገለጡ በፊት ሁለት ሦስት ሰከንድ መቆየት ይበቃል፤ ስልኩ አንዴ ይንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ስሙ ከነጥለቱ ይውጣ።

---

ገበያ_መሐል

ኢንተርኔት ለሌለው አባል ውጤቱ በኤስኤምኤስ ይሂድ። አማርኛ መልእክት በአንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው (ላቲን ቢሆን 160)፤ 71 ከሆነ ለሁለት ይከፈልና ክፍያው እጥፍ ይሆናል። "ሳምንት 8፦ ዕጣው ለ3ኛ ተራ ወጣ። ድምር 7412። ቀጣይ ክፍያ እሑድ።" ይህ ይገባል። ስም ከተጨመረ ረጅሙን ስም ይዘሽ ቁጠሪ።

---

ሰሌዳ

ድምሩን በኤስኤምኤስም ማሳየቱ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ይቀረኛል፦ ዱባይና ዋሺንግተን ያሉ አባላት ካሉ የመዝጊያውን ሰዓት እንዴት ላሳይ?

---

ቀን_ቆጣሪ

የዕቁቡ ሰዓት አንድ ይሁን፣ የአዲስ አበባ። እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢዘጋ ዱባይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ዋሺንግተን በበጋቸው እኩለ ቀን፣ በክረምታቸው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓት ስለሚቀይሩ እኛ ስለማንቀይር። ስለዚህ ልዩነቱን ቋሚ ቁጥር አድርገሽ ኮድ ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ከስልኩ የሰዓት ክልል ይነበብ። ስክሪኑ ላይ የአዲስ አበባው በትልቁ፣ ያለበት አገር ሰዓት ከሥሩ በትንሹ፤ ከሁለቱ በላይ ደግሞ "3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቀረ" የሚል ይኑር። ውጭ ያለው ሰው ግማሹ በሀበሻ ሰዓት ግማሹ በፈረንጅ ስለሚቆጥር፣ ሳያሰላ የሚረዳው የቀረውን ጊዜ ነው።